የስኖሄታ ጉዳይ፦ ሕንፃና መሬት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተጀመሩበት ቢሮ

ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

ብዙ የአርክቴክቸር ቢሮዎች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ "ሁለገብ ነን" ይላሉ። አርክቴክት አለን፣ የላንድስኬፕ (በሕንፃው ዙሪያ ያለውን መሬት፣ አትክልትና መንገድ የሚነድፍ) ባለሙያ አለን፣ የውስጥ ንድፍ እንሠራለን፣ ግራፊክስም አለን። ቢሮው ውስጥ ገብታችሁ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ስታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አርክቴክቱ ሕንፃውን ይጨርሳል፣ ከዚያ የተረፈችው መሬት ለላንድስኬፕ ባለሙያው ትሰጣለች፣ እሱም ዛፍ ይተክልባታል፣ በጀት ያጠረ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የምትሰረዘው ያቺው ዛፍ ናት። ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙት ደረሰኝ ላይ ብቻ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ሁለቱን ሙያዎች ከመጀመሪያው ያገናኘ፣ ከጥቂት ሰዎች ተነስቶ በበርካታ አገሮች ቅርንጫፍ የከፈተ፣ ሥራውም በአደባባይ የሚታይ ቢሮ ነው፦ የኖርዌዩ ስኖሄታ። ሰዎቹን በስም አልጠራም። ቢሮው ራሱም ሥራን ለአንድ ሰው ስም መስጠት አይወድም፣ ከታች እመለስበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

በ1987 ኦስሎ ውስጥ ጥቂት ወጣት የላንድስኬፕ ባለሙያዎችና አርክቴክቶች ተሰባስበው የጋራ መሥሪያ ቤት ከፈቱ። መጠሪያው ራሱ ሁለቱን ሙያዎች ጎን ለጎን ያስቀምጥ ነበር፤ ስኖሄታ አርክቴክቸርና ላንድስኬፕ። ስኖሄታ ኖርዌይ ውስጥ በዶቭሬ ተራሮች መካከል ያለ፣ 2286 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ስሙ የመጣበት መንገድ ያስቃል። ቢሯቸው "የዶቭሬ አዳራሽ" የሚባል ቢራ ቤት ፎቅ ላይ ነበር። ከዶቭሬ አዳራሽ በላይ ምን አለ? ተራራው። በቃ፣ ስሙ ጸደቀ።

ቀልድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚህ ሙያ ውስጥ አብዛኛው ቢሮ የሚጠራው በመሥራቹ ስም ነው። መሥራቹ ጡረታ ሲወጣ ወይም ከሸሪኩ ሲጣላ ስሙን ማን ይውሰድ የሚለው ጣጣ ይመጣል። ደንበኛውም የሚፈልገው ያንን ሰው ብቻ ይሆናል። ተራራ ግን አይጣላም፣ ጡረታም አይወጣም። ስኖሄታን ከጀመሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ በየመንገዳቸው ሄደዋል፣ ሌሎች መጥተዋል፣ ስሙ ግን ማንንም ሳያስከፋ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ችግሩ

ቢሮው ሲጀመር ሁለት ችግር ተደራርቦበት ነበር።

አንደኛው የሙያው የራሱ በሽታ ነው። የላንድስኬፕ ባለሙያ ዘግይቶ ሲጠራ ዋና ዋናው ነገር ተወስኖ ይቆየዋል። የመሬቱ ከፍታ ተወስኗል፣ መግቢያው ተወስኗል፣ የዝናብ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ተወስኗል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ክብደት ነው። ውኃ የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ከምድር ቤት በላይ ያለው ወለል ለሰውና ለወንበር ብቻ ታስቦ ከተሰላ፣ በኋላ "እዚህ ላይ ትልልቅ ዛፎች ይኑሩ" ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ኢንጂነሩ አይሆንም ይላል፣ ልክም ነው። የቀረው ምርጫ ሣርና የአበባ ማሰሮ ብቻ ይሆናል። አየር ማናፈሻው፣ የመኪና መግቢያው፣ የቆሻሻ ማውጫው ሁሉ በዚያው በተረፈው መሬት ላይ ይከመራል፣ ከዚያ "ላንድስኬፑ ለምን አላማረም?" ይባላል።

ሁለተኛው ችግር የወጣት ቢሮ ሁሉ ችግር ነው። የሠራኸው ሕንፃ ከሌለህ ሕንፃ አይሰጥህም፣ ካልተሰጠህ ደግሞ አትሠራም። ከዚህ አዙሪት መውጫው ብዙ ጊዜ ክፍት ውድድር ነው፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ብቻ የሚቀርብበት።

እስክንድርያ፦ ከአቅም በላይ የሆነ ድል

ጥንታዊውን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ መልክ የመሥራት ሐሳብ የመጣው በ1970ዎቹ ከእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ቆይቶ ዩኔስኮ ገባበትና ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ወጣ። ከኖርዌይ የመጡትና አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ሎስ አንጀለስ ተገናኝተው ሥራቸውን ላኩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ንድፎች ቀርበዋል፣ በ1989 አሸናፊ የሆነው የእነሱ ነው። ያን ያህል የሚያሳዩት የተገነባ ሥራ አልነበራቸውም። ቢሮው በዛሬው መልኩ የተቋቋመውም ከዚህ ድል በኋላ ነው። ሥራው ቢሮውን ፈጠረው ማለት ይቻላል።

ንድፉን ስታዩት የሁለቱ ሙያ እጅ አብሮ እንዳለበት ይገባችኋል። ሕንፃው 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። ክቡ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል፣ አንዱ ጠርዙ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፣ ሌላው ከፍ ይላል። ባሕሩ በሰሜን ስለሆነ የጣሪያው መስኮቶችም ወደ ሰሜን ያያሉ፤ ብርሃን ይገባል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ መጽሐፍ ላይ አያርፍም። ከጣሪያው ሥር የንባብ አዳራሹ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ 2000 የሚጠጉ አንባቢዎችን ያስቀምጣል። በውጭ በኩል የሚዞረው ግድግዳ ያልተወለወለ የአስዋን ግራናይት ነው፣ ከ120 የዓለም የጽሕፈት ዓይነቶች የተወሰዱ ፊደላት በእጅ ተቀርጸውበታል። ታዲያ ይህ ሕንፃ ነው ወይስ የታጠፈ መሬት? ጥያቄው ራሱ ከባድ መሆኑ ነው የሚገርመው። መሬቱን ከንድፉ ላይ ብትቀንሱት የሚቀር ሕንፃ የለም። ስለዚህ በጀት ሲያጥር "ላንድስኬፑን እንተወው" ማለት የሚቻልበት ዕድል ከነጭራሹ አልነበረም።

ንድፍ ማሸነፍ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በ1990 አስዋን ላይ በተጠራ ስብሰባ፣ በዋናነት ከዓረብ አገሮች፣ 65 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። ግንባታው የተጀመረው በ1995 ነው፣ ምረቃው ጥቅምት 2002። አጠቃላይ ወጪው 220 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሷል። ከድሉ እስከ ምረቃው 13 ዓመት! ከነዳፊዎቹ አንዱን ብትወስዱ፣ ሲጀምር ተማሪ ቢጤ ነበር፣ ሲጨርስ ጎልማሳ ሆኗል።

እዚህ ላይ ያደረጉት አንድ ነገር ለትንሽ ቢሮ ሁሉ ትምህርት ነው። ሁሉን እኛው እንሥራው አላሉም። ከአንድ የግብፅ የምሕንድስና ድርጅት ጋር ተጣመሩ። ሕንፃው ከባሕር ወለል በታች ይወርዳል፣ ባሕሩ ደግሞ እዚያው አፍንጫ ሥር ነው፤ ውኃውን የሚገታው ክብ የመሬት ውስጥ ግድግዳ ራሱን የቻለ ትልቅ የምሕንድስና ሥራ ነበር። አፈሩን የሚያውቅ፣ ፈቃዱን የሚያውቅ፣ ከተቋራጩ ጋር በየቀኑ የሚነጋገር ያገሬው ሸሪክ ባይኖር ኦስሎ ላይ ተቀምጦ የሚሆን አልነበረም። በ2004 ሕንፃው የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አግኝቷል።

በመሃሉ ያለው ረጅም ጥበቃ

የሚረሳው ክፍል ይህ ነው። አንድ ግዙፍ ሥራ 13 ዓመት ሲፈጅ ደሞዝ ከየት ይመጣል? በ1990ዎቹ ቢሮው የሠራቸው ነገሮች መጠነኛ ናቸው፦ እዚያው ኖርዌይ ውስጥ ሊለሃመር ላይ በ1992 ያለቀ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ካርሞይ ላይ ትንሽዬ የዓሣ አስጋሪዎች ሙዚየም፣ በርሊን ላይ በ1999 የተመረቀ የኖርዌይ ኤምባሲ። የኤምባሲው ፊት ለፊት ከአንድ ወጥ ግራናይት የተፈለጠ፣ 15 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ድንጋይ ቆሞበታል። ትንንሽ ሥራዎች ሲሆኑ እንኳ ቢሮው ከድንጋይና ከመሬት አልራቀም። በእኔ ግምት ቢሮውን ያተረፉት እነዚህ ናቸው። በአንድ ትልቅ ድል ብቻ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ከምረቃው በፊት ይዘጋል።

የኦፔራው ጣሪያ

ጉዳዩን እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ብገባበት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አሠራሩ በጉልህ የሚታየው እዚህ ነው።

በ1999 የኖርዌይ ፓርላማ አዲሱ ብሔራዊ ኦፔራ ቢዮርቪካ በሚባለው የኦስሎ ወደብ አካባቢ እንዲሠራ ወሰነ። ቦታው ያን ጊዜ ሰው የሚሸሸው ነበር፤ ኮንቴይነር፣ ፈጣን የመኪና መንገድ፣ የተበከለ የባሕር ወለል። ከተማውን ከባሕሩ የለየውም ያ መንገድ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ንድፎች በተወዳደሩበት ውድድር ስኖሄታ በ2000 አሸነፈ።

ሐሳቡን በሦስት ነገር ነበር የሚያስረዱት። የመጀመሪያው "የማዕበል ግድግዳ" ነው፣ በአዳራሹና በመተላለፊያው መሃል ያለው የኦክ እንጨት ግድግዳ፣ የከተማውን ሰው ከመድረኩ ዓለም የሚለይ ጠርዝ። ሁለተኛው "ፋብሪካው" ነው፤ ልብስ የሚሰፋበት፣ መድረክ የሚገነባበት፣ ልምምድ የሚደረግበት ክፍል ሁሉ። ሦስተኛው "ምንጣፉ" ነው፤ ከባሕሩ ተነስቶ እየተዳፋ ጣሪያው ድረስ የሚወጣ ነጭ ድንጋይ። ሕንፃው ወደ 1100 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት፣ ዋናው አዳራሽ 1364 ሰው ያስቀምጣል። ትኬት ላልገዛው ሰው ግን ኦፔራው ማለት ምንጣፉ ነው። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ሳይከፍል ጣሪያው ላይ መውጣት ይችላል።

አሁን ይህንን በተለመደው አሠራር አስቡት። አርክቴክቱ ሕንፃውን ይጨርሳል፣ ላንድስኬፑ ዙሪያውን ያስውባል። ጣሪያው የማን ነው? የአርክቴክቱ። ጣሪያ ማለት ውኃ የማያስገባ፣ ማሽን የሚቀመጥበት፣ ሰው የማይወጣበት ነገር ነው። የላንድስኬፕ ባለሙያው መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛው ላይ ስለነበረ ግን ጥያቄው ተቀየረ፤ "ጣሪያው ምን ይሸፈን?" የሚለው "ሰው ከባሕሩ ተነስቶ የት ድረስ ይራመድ?" ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቴክኒክ ሥራ ሁሉ ይህንን ተከትሎ ነው የሄደው። ተዳፋቱ ምን ያህል ይሁን? ለዊልቸር የሚሆነው መንገድ በየት ይሂድ? በረዶ ሲጥል ምን ይደረግ? ውኃው በየት ይውረድ? ማሽኖቹ የት ይደበቁ?

ሠዓሊያንም ከንድፉ ጀምሮ ገብተዋል። በእስክንድርያው ግድግዳ ላይ የሠሩ ሁለት ሠዓሊያን ከሌላ አንድ ሠዓሊ ጋር ሆነው የኦፔራውን ድንጋይ መስመርና ጠርዝ ሠርተውታል። ስትራመዱበት ድንጋዩ አንዳንድ ቦታ ሸካራ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ልስልስ፣ እዚህም እዚያም ዝቅ ከፍ ይላል። ጥበቡ እግራችሁ ሥር ነው። አንዴ ከሠሩት ሰዎች ጋር ደግሞ መሥራት የቢሮው ልማድ ሆኖ ቀርቷል፣ ጎበዝ ልማድ ነው።

ውጤቱስ? ግንባታው ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ፣ ከተመደበለት 4.4 ቢሊዮን የኖርዌይ ክሮነር ደግሞ 300 ሚሊዮን ያህል ተርፎ አለቀ። በዚህ ዓይነት ሥራ ብርቅ ነው። ሚያዝያ 2008 ተመረቀ። በ2009 የአውሮፓ ኅብረት የአርክቴክቸር ሽልማት የሆነውን የሚስ ቫን ደር ሮህ ሽልማት ወሰደ። በ2010 ደግሞ የአውሮፓ የከተማ አደባባይ ሽልማትን ተጋራ። ይህችን ልብ በሉልኝ። አንዱ ሽልማት ለሕንፃ ነው፣ ሌላው ለአደባባይ ነው፣ ሁለቱም ለአንድ ሥራ ተሰጡ። ቢሮው በ1987 ለራሱ ያወጣው ስም ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በሌሎች ሰዎች ዳኝነት ጸደቀ ማለት ነው።

ያልሆነለትም አለ። ድንጋዩ ከጣሊያን ካራራ የመጣ ነጭ እብነ በረድ ነው፣ ግራናይት በሞላባት ኖርዌይ ይህ ምርጫ ቁጣ አስነስቷል። ሥራው ገና ሳያልቅ ነጩ ድንጋይ ቦታ ቦታ ላይ ወደ ቢጫ መቀየር ጀመረ። ሰው የሚረግጠው፣ በረዶ የሚያርፍበት፣ የባሕር ውኃ የሚነካው እብነ በረድ እንክብካቤው ብዙ ነው። እዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ለነቃፊዎቹ ያደላል። ጣሪያን አደባባይ ካደረግኸው ድንጋዩን እንደ አደባባይ ድንጋይ መምረጥ ነበረብህ፤ ለዓይን ያለው ውበት ግን የማይካድ ነው።

ቢሮው ውስጥ እንዴት ይሠራል

አዲስ ሥራ ሲመጣ የሚጀመረው በስብሰባ ነው፣ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አንድ ክፍል ይገባሉ። ደስ የሚል አንድ ልምድ አላቸው። ለዚያች ሰዓት ሙያ ይለዋወጣሉ። ላንድስኬፑ እንደ አርክቴክት፣ አርክቴክቱ እንደ ሠዓሊ፣ ደንበኛው ራሱ እንደ ንድፍ ሠሪ ያስባል። ጨዋታ ይመስላል፣ ዓላማው ግን ግልጽ ነው፤ ሰው በሙያው ክልል ውስጥ ሲሆን ክልሉን ይጠብቃል፣ በሌላው ክልል ሲቆም ግን የሚጠብቀው ነገር ስለሌለው በነፃነት ይናገራል። የሞኝ ጥያቄም ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ጥሩው ሐሳብ የሚወጣው ከሞኙ ጥያቄ ነው።

የኦስሎው ቢሮ ወደቡ ላይ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው። ሞዴል የሚሠራበት ወርክሾፕ እዚያው ውስጥ አለ፣ ምሳም በረጅም ጠረጴዛ አብረው ነው የሚበሉት። ሠራተኞች ስሙን ወደሰጣቸው ተራራ አብረው የመውጣት ልማድም አላቸው። እንዲህ ያለውን ነገር "የኩባንያ ባህል" ብሎ መቀለድ ይቻላል፣ እኔም አንዳንዴ እቀልዳለሁ። ግን አስቡት፤ ሁለት ሙያዎች ስብሰባ ላይ ብቻ ከተገናኙ የሚያወሩት ስለተፈጠረ ችግር ነው። ምሳ ላይ ከተገናኙ ችግሩ ሳይፈጠር ያወራሉ።

አሜሪካ፦ ሐሳብ ሲጠብ

በ2004 ቢሮው ኒውዮርክ ውስጥ በወደመው የዓለም የንግድ ማዕከል ቦታ ላይ የሚሠራ የባህል ማዕከል እንዲነድፍ ተመረጠ፣ በዚያው ኒውዮርክ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተበላሸ። ሕንፃው ውስጥ ሊገቡ የነበሩት ተቋማት በተጎጂ ቤተሰቦችና በፖለቲከኞች ዘንድ ትልቅ ተቃውሞ አስነሱ፣ በ2005 ዋናው ተቋም ከዕቅዱ ወጣ። የሕንፃው ይዘት ተቀየረ፣ መጠኑም አነሰ። በመጨረሻ የተሠራው ከመሬት በታች ወዳለው ሙዚየም የሚያስገባ ድንኳን መሰል የመግቢያ ሕንፃ ነው፣ ሙዚየሙ የተከፈተው በ2014። የመሬት ውስጡን ሙዚየም የነደፈው ሌላ ቢሮ ነው።

ይህ ለቢሮው ውድቀት ነበር? በከፊል። የተመረጡበት ሥራ አልተሠራም። ቅርንጫፉ ግን አልተዘጋም፣ ሌላ ሥራ ፈለገ፣ አገኘም። ከተማዋ በ2009 ታይምስ ስኩዌርን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ሰጥታ ነበር፤ በቋሚነት የማስተካከሉ ሥራ በ2010 ለስኖሄታ ተሰጠ። ይህ ሕንፃ የለውም። ወለል ነው፣ ረጃጅም የግራናይት አግዳሚ ወንበር ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ለዝግጅት የሚሆን የኤሌክትሪክና የስርጭት መስመር ነው። በወለሉ ንጣፍ ውስጥ ሳንቲም የሚያካክሉ የብረት ክቦች ተቀብረዋል፣ የማስታወቂያውን መብራት መልሰው ያብረቀርቃሉ። የአርክቴክቸር ቢሮ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህንን ሥራ ማን ይሰጣቸው ነበር? በሕንፃ በኩል በሩ ሲጠብባቸው በመሬት በኩል ክፍት ሆኖ ተገኘ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2017 ማዲሰን ጎዳና ላይ ያለውን የ1980ዎቹን የድንጋይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ እግሩን በመስተዋት ለመተካት ሐሳብ አቀረቡ። ተቃውሞው ከባድ ነበር፣ አርክቴክቶች ሳይቀሩ ሰልፍ ወጡ። በ2018 ሕንፃው በቅርስነት ተመዘገበ፣ መስተዋቱ ቀረ። ከሥራው ጎልቶ የተረፈላቸው ምን ነበር? ከሕንፃው ኋላ ያለው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአትክልት ቦታ። የመስተዋቱ ጉዳይ ሊታሰብበት የሚገባ ስህተት ነበር ባይ ነኝ። በእስክንድርያም በኦስሎም የሠሩት ባዶ ወይም የተተወ ቦታ ላይ ነው። እዚህ ግን ሰው የለመደው፣ የወደደው ሕንፃ ነበር። ባዶ ቦታ ላይ የሚሠራ ድፍረት የሰው ትዝታ ላይ አይሠራም።

ሌሎች ሙያዎች ሲጨመሩ

ከላንድስኬፕና ከአርክቴክቸር በኋላ የውስጥ ንድፍ፣ የግራፊክስና የምርት ንድፍ ተጨመሩ። በ2014 የኖርዌይ ማዕከላዊ ባንክ ባወጣው ውድድር የብር ኖቱ ጀርባ የስኖሄታ ንድፍ እንዲሆን ተመረጠ። የባሕር ዳርቻ ምስሎች ወደ ባለ ቀለም ካሬዎች ተፈጭተው የተሠራ ነው፤ ገንዘቡ ከ2017 ጀምሮ በሰው ኪስ ውስጥ አለ። በ2011 ደግሞ ዶቭሬ ላይ፣ ስኖሄታ ተራራን ፊት ለፊት የሚያሳይ፣ 90 ካሬ ሜትር የሚያህል የዱር አጋዘን መመልከቻ ሠሩ። ሞገድ የመሰለ ቅርጽ ያለውን የውስጥ እንጨት በኮምፒውተር ሞዴል ተመርተው የጠረቡት የጀልባ ሠሪዎች ናቸው።

በኢነርጂ ጉዳይ የሄዱበት መንገድ ለየት ይላል። ሙያውን በሙሉ ቢሮ ውስጥ ለማስገባት አልሞከሩም። ከተቋራጭ፣ ከሕንፃ ባለቤት፣ ከኢንጂነሮችና ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ኅብረት ፈጠሩ። ከዚያ የወጣው በ2019 በኖርዌይ ትሮንድሃይም ከተማ የተመረቀው የቢሮ ሕንፃ ነው። የጣሪያው ተዳፋት ለፀሐይ ብርሃን ተብሎ የተቆረጠ ነው፣ በዓመት ወደ 500 ሺሕ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያን ያህል ወደ ሰሜን በራቀ ከተማ! ባለቤቱና ተቋራጩ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስለነበሩ "ይህ ውድ ነው" የሚለው ክርክር የተነሳው መስመሩ ሲሰመር ነው፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አልነበረም።

ማደግ ያመጣው

ዛሬ ቢሮው ከኦስሎና ከኒውዮርክ ሌላ ኢንስብሩክ፣ ፓሪስ፣ ሆንግ ኮንግና ሌሎች ከተሞች ውስጥ አለ፣ ሠራተኞቹም በመቶዎች ይቆጠራሉ። ያ ረጅም የምሳ ጠረጴዛ ግን አንድ ከተማ ነው ያለው።

በ2023 የአሜሪካው ቅርንጫፍ ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ 35 ለ29 ሆኖ ሐሳቡ ወደቀ። የማንን ወገን ብትይዙ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሁላችንም እኩል የሐሳብ ባለቤት ነን በሚል ቢሮ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ድምፅ ሰጪ በተደራጀ መልክ መደራደር ፈልጓል። የሐሳብ እኩልነት ደሞዝን፣ የሥራ ሰዓትንና ማን ይባረር የሚለውን አይመልስም። 20 ሰው ሲሆኑ እነዚህ ነገሮች በጠረጴዛ ዙሪያ ወሬ ይፈታሉ። 300 ሰው ሲሆኑ ግን የተጻፈ ደንብ ይፈልጋሉ። ብዙ የንድፍ ቢሮዎች ይህንን በጊዜ አያዩትም፣ ቤተሰብ ነን ሲሉ ጊዜው ያልፋል።

ለሌላ ቢሮ የሚሆነው

ሁሉም ነገር አይቀዳም። የኖርዌይ መንግሥት ትልልቅ ሥራዎችን በክፍት ውድድር ስለሚሰጥ ያልታወቀ ቢሮ ዕድል አለው፤ ውድድር በሌለበት ገበያ ይህ መንገድ ዝግ ነው። የሚቀዳው ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚሠራው የጊዜው ጉዳይ ነው። የላንድስኬፕ ባለሙያው የመጀመሪያው ንድፍ ሲሰመር ካለ የአፈር ክብደት ስሌት ውስጥ ይገባል፣ ውኃው መንገድ ያገኛል፣ ጣሪያው ወለል ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ወር ከመጣ ማስዋብ ብቻ ነው የሚቀረው። ይህ የሰው ቁጥር አይጠይቅም። አንድ አርክቴክትና አንድ የላንድስኬፕ ባለሙያ ያሉበት ቢሮ እንኳ ነገ ሊጀምረው ይችላል። የተለየ ቢሮ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎችም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አብረው ለመሥራት ከተስማሙ ይበቃል።

ንድፉን መነጠል እንዳይቻል አድርጎ ማሰር ደግሞ መሬቱን ከበጀት መቀስ ያድናል። የኦፔራውን ምንጣፍ መሰረዝ ማለት ኦፔራውን መሰረዝ ነበር። አደጋም አለው፣ ዋጋው ሲወደድ ማጠፊያ የለውም። ስለዚህ ይህንን የሚያደርግ ሰው ወጪውን ቀድሞ በጥሩ ገማች ማስላት አለበት።

ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ ሲመጣ ቦታውን የሚያውቅ ሸሪክ መያዝ፣ ትልቁ ሥራ እስኪደርስ ትንንሹን አለመናቅ፣ እነዚህን ብዙ አላብራራም፣ እስክንድርያ ተናግሯል።

የመጨረሻው ስለ ክፍያ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። ሁለቱ ሙያዎች በሁለት የተለያየ ኮንትራት፣ በሁለት የተለያየ የክፍያ መቶኛ ከተቀጠሩ፣ በሐሳብ ቢዋደዱም ሂሳቡ ያጣላቸዋል። ሕንፃው ሲያንስ የአርክቴክቱ ክፍያ የሚያንስ ከሆነ ሕንፃውን ቀንሶ ለመሬቱ ስጥ የሚለውን ምክር እንዴት ይቀበላል? ለአጠቃላይ የሥራ ቦታው (ሕንፃውም መሬቱም) አንድ ክፍያ፣ አንድ ውል፣ አንድ ኃላፊነት፤ ከዚያ በውስጥ እንዴት እንደሚካፈሉ ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ላይ። ደንበኛው ለሁለት መፈረም ካልፈለገ ደግሞ አንዱ ዋና ተዋዋይ ይሁንና የሌላው ድርሻ በዚያው ውል ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይግባ፣ ከቅድመ ንድፍ ጀምሮ የሚከፈል መሆኑም አብሮ ይጻፍ።